ዳርኛዋ በካቱ-ያሪክ ቁልቁለት

ሰኞ፣ ሐምሌ 3

እንደወትሮው። ከባርናውል ባቡር ጣቢያ እስከ ገበያ፣ ከገበያ እስከ ጣቢያ፣ ስድስት ዙር። የምነዳት የኤሌክትሪክ አውቶቡስ፣ ትሮሊባሷ፣ ሁለት ጊዜ ከላይ ሽቦዋ ወጣች፤ ወርጄ መለስኳት። ትኬት ቆራጯና አንድ ሽማግሌ በመስኮት ተጣሉ... ይከፈት፣ ይዘጋ። ቤት ገብቼ የሞተር ብስክሌቴን ዘይት ቀየርኩ።

እራት ላይ ለግሌብ ነገርኩት። "ይሄ የመጨረሻ ሙከራዬ ነው። የካቱ-ያሪክን ቁልቁለት በራሴ ሞተር ካልወረድኩ እሸጣታለሁ። እንደ ድሮዬ ከኋላህ እፈናጠጣለሁ።"

ባሌ ማንኪያውን ጣለ። ጠረጴዛውን አንኳኳ፣ ክፉው እንዳይሰማ በግራ ትከሻው በኩል ሦስቴ እንትፍ አለ። "የዳር በይ፣ ሴትዮ። የዳር ሙከራ።"

የሞተረኛ ነገር። "የመጨረሻ" ካልሽ መጨረሻሽ ይሆናል ይላሉ። የመጨረሻ ቀን የለም፣ የዳር ቀን ነው። የመጨረሻ ብርጭቆም የለም፣ የዳር ብርጭቆ። በአርባ ዘጠኝ ዓመቴ ቃል ልፍራ እንዴ? የምፈራውስ ሌላ ነው። አምና አፋፉ ላይ እጄ ደነዘዘ። ሞተሬ በዕቃ መኪና ተጭና ወረደች፣ እኔ ከሾፌሩ አጠገብ አንገቴን ደፍቼ። ዘንድሮም እንደዚያ ብሆንስ?

ሐሙስ፣ ሐምሌ 6

ወጣን። ሰባት ሞተር፣ አንድ የዕቃ መኪና። ከመነሳታችን በፊት ሁሉም ባለበት ለአፍታ ቁጭ አለ፤ መንገዱ እንዲቀና የሚደረግ ወግ ነው። መሪያችን ሳቬሊ ኩዝሚች ቀድመው ተነሱ። ስልሳ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ሲነዱ ግን ማን ይደርስባቸዋል። የጥርስ ሐኪሙ ናዛር ዳርኛ ሆነ። ከሁሉም ኋላ ይነዳል፣ የወደቀ ያነሳል፣ ማንንም አይቀድምም። በመገናኛ ሬዲዮ "ዳር ደርሷል" ሳይል ማንም ሄልሜቱን አያወልቅም።

"ትሮሊ" አሉኝ ሳቬሊ ኩዝሚች፣ "ዛሬ ሽቦ የለሽም። እንደፈለግሽ ታጠፊ።"

ሳቅኩ። ግን እውነታቸውን ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ከሽቦ ጋር ታስሬ ነው የነዳሁት። ከተማው ከኋላችን ቀርቶ ተራራው ብቅ ሲል ልቤ ልትፈነዳ ደረሰች። ደስ አለኝ፣ በጣም ደስ አለኝ። ሄልሜቴ ውስጥ ዘፈንኩ፤ ማን ይሰማኛል... ለካ ሬዲዮው ክፍት ኖሯል።

ዓርብ፣ ሐምሌ 7

ቺኬ-ታማን ተራራ ላይ ወጣሁ። ኩርባ በኩርባ። እጄ አልደከመኝም፣ ጉንጬ ነው ከሳቅ ብዛት የደከመኝ። ጫፉ ላይ እንደ አገሬው ዛፍ ላይ ነጭ ጨርቅ አሰርኩ። ጎመን የተሞላ ዳቦ፣ ፒሮዥኪ፣ ሦስት በላሁ።

ሳቬሊ ኩዝሚች አዩኝና "ይሄዳል" አሉ። ከእሳቸው አፍ ይሄ ሽልማት ነው። ግሌብ ቀናብኝ። "እኔን በዐሥራ አንድ ዓመት እንደዚህ ብለውኝ አያውቁም።"

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 8

ዝናብ። ድንኳን። ሻይ በጣሳ ወተት። ነገ ካቱ-ያሪክ... ፍሬኔን ደግሜ ፈተሽኩ።

እሑድ፣ ሐምሌ 9

እየሳቅኩ ነው የምጽፈው። ከደስታ።

አፋፉ ላይ የናዛር የኋላ ፍሬን አልይዝ አለ። ሞተሩ ተጫነ፣ የዕቃ መኪናዋ እሱንም ይዛ ቀድማ ወረደች። ዳርኛ ጠፋ። ሳቬሊ ኩዝሚች አንድ በአንድ አዩን። ግሌብ "እኔ ልሁን" አለ።

"አንተ ትቸኩላለህ። ፌርማታ የማይዘል ሰው ነው የምፈልገው። ትሮሊ፣ አንቺ ነሽ።"

እኔ? ከኋላዬ ማንም የለም፣ መኪናዋም የለች። ብደነዝዝ ማን ሊጭነኝ? አንደኛ ማርሽ። ፍሬን በጣት ጫፍ። ልቅ ጠጠር። በአንድ ወገን ግድግዳ፣ በሌላው ገደል። አንደኛ ኩርባ... ሁለተኛ... ገደሉን አትይው ሪማ፣ ኩርባውን እይ።

አራተኛው ላይ ግሌብ ከፊቴ ወደቀ። የእኔ ግሌብ፣ ስንት ዓመት ወገቡን ይዤ የሄድኩት። እግሩ ሞተሩ ሥር ነው። ቆምኩ። እዚያ ቁልቁለት ላይ መቆም ከመውረድ ይከፋል። ጎማዬ ሥር ድንጋይ ከተትኩ። ሞተሩን ተጋግዘን አነሳነው።

"ደህና ነኝ። አንቺ እለፊ፣ ቀስ ብዬ እመጣለሁ።"

"ዳርኛ አያልፍም። ቅደም።"

"ሪማ፣ ባልሽ እኮ ነኝ።"

"ባሌ ከሆንክ ቅደም።"

ቀደመ። ጀርባውን እያየሁ ወረድኩ። እጄ እንዳልደነዘዘ ያወቅኩት ሜዳው ላይ ስደርስ ነው። እሱን ስጠብቅ መፍራቱን ረሳሁት መሰለኝ። ሬዲዮውን ተጫንኩና ጮህኩ፤ "የመጨረሻዋ ደርሳለች!"

ከአምስት ሄልሜት ውስጥ ባንዴ፣ እንትፍ፣ እንትፍ፣ እንትፍ።

"ድገሚው" አሉ ሳቬሊ ኩዝሚች። "በወጉ።"

"ዳር ደርሷል" አልኩ። እንባዬ መጣ። ያኔ ነው ሁሉም ሄልሜቱን ያወለቀው።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 20

ሥራ። የግሌብ ቁርጭምጭሚት ዛሬም እብጠቱ አልጎደለም፤ ሐኪሙ መንዳት ከልክሎታል። ቅዳሜ ወንዝ እንወርዳለን፣ እሱ ከኋላዬ ተፈናጥጦ። "ቀስ በይ" ማለት ካሁኑ ጀምሯል።

ትሮሊባሷ ጣቢያው ጋ ስትደርስ ማይክሮፎኑን ያዝኩና ከአፌ አመለጠኝ፤ "የዳር ፌርማታ። ሁላችሁም ውረዱ።"

ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡ አሮጊት ዘንቢላቸውን እንደያዙ ግራ ገባቸው። "ልጄ፣ የመጨረሻው አይደለም እንዴ?"

"አይደለም፣ እማማ" አልኳቸው። "እዚህ ዞረን እንመለሳለን።"