ቅልጡ ሳይረጋ የተጠየቀ ጥያቄ

ውድ አኩራፊዬ፣

ለመሆኑ እንዴት ነህ? እኔ ደህና ነኝ፤ ንዴቴ ግን ገና አልበረደም።

ትናንት እህትህ ደውላ «እናታችን ሚስት እየፈለገችለት ነው፤ እሱም ዝም ብሏል» አለችኝ። ዝም! አንተ! ያን ቀን ዝም ማለት የት ሄዶብህ ነበር?

እስቲ ረጋ ብለህ አስበው። ያን ቀን ላቦራቶሪያችን ውስጥ ቅይጡ ብረት ቀልጧል፤ ማቅለጫ ኩባያው እቶኑ ውስጥ በቀጭን ሽቦ ተንጠልጥሎ ወዲያና ወዲህ ይዞራል። የቅልጡን ውፍረት የምንለካው በዚህ ዙር ነው፤ ዙሩ ቶሎ ከሞተ ቅልጡ ዝልግልግ ነው፣ ከቆየ ቀጭን ነው። ሰው ቢያስነጥስ እንኳ ልኬቱ ገደል ይገባል። በሩ ላይ «ዝም በሉ!» ብለህ በቀይ የጻፍከው ራስህ ነህ! ታዲያ ስንት ቀን እያለ፣ በዚያች ሰዓት ጆሮዬ ሥር መጥተህ «ታገቢኛለሽ?» ትለኛለህ?

ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግኩ። ሌላ ምን ላድርግ? ዓይኔ ሽቦው ላይ ነው፣ ልቤ ድው ድው ይላል። አንተ ሆዬ እንቢ ያልኩህ መስሎህ ሹልክ ብለህ ወጣህ።

ኩባያው እንደቆመ «እሺ! አገባሃለሁ!» ብዬ ዞር አልኩ። ከኋላዬ የቆሙት ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? አለቃችን! የእቶኑን ማቀዝቀዣ ውሃ ሊያዩ ገብተው ኖሯል። መነጽራቸውን አወለቁና «ልጄ፣ እኔ እኮ የልጅ ልጅ አለኝ» አሉኝ። ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ! ነገሩን እስካስረዳቸው ላብ በላብ ሆንኩ። እሳቸውም የገባቸው አይመስለኝም፤ ይኸው እስከ ዛሬ ሲያዩኝ በሌላው በር ይወጣሉ።

ወጥቼ ብፈልግህ የለህም። በማግስቱ ወደ ሌላ ፋብሪካ ተዛወረ አሉኝ። ብደውል አታነሳም። ሰው እንዴት በአንድ ጣት አገር ይለቃል?

ወሬው ተሰምቶ ሌላው ሁሉ ሲስቅብኝ አብሬ እስቃለሁ፤ ቤቴ ስገባ ግን አለቅሳለሁ። እወድሃለሁ እኮ፣ አንተ ሞኝ! ልኬቱም ቢሆን ተበላሽቷል። እቶኑ ያረፈበትን ጠረጴዛ ተደግፌ ስለነበር የእጄ መንቀጥቀጥ ሽቦው ድረስ ደርሷል። አለቃችን ምክንያቱን ቢጠይቁኝ ምን እላለሁ?

እንግዲህ መልሴ እሺ ነው። ለእናትህም ፍለጋው ይብቃ በላቸው። ቅዳሜ ና፤ ፊት ለፊቴ ቆመህ ደግመህ ጠይቀኝ፣ ከፈለግክ ጩህ።

እቶኑን አጥፍቼ እጠብቅሃለሁ።

ያንተዋ፣
የላቦራቶሪ ጓደኛህ