ሎርና «እማ» ስትባል

ልጄ ቴሳ፣ በሄድሽበት ሁሉ ደግ ሰው ይግጠምሽ። ይህን የምጽፍልሽ ስለቀናሁ ነው።

አንቺ የቀረሽበትን የእምነት ማኅበር ትቼ ከወጣሁ ወዲህ አባላቱ እኔን ማነጋገር ተከልክለዋል። ትናንት ማኅበሩ ስሜትን ይለካል በሚለው መሣሪያ እየመረመረች ምስጢርሽን ሁሉ የምታዳምጠው ሎርና አንቺ ካለሽበት ከእንግሊዝ መጥታ፣ እዚህ እኔ በምኖርበት በክሊርዋተር ከተማ ሱፐርማርኬት ውስጥ ተገጣጠምን። ፊቷን አዞረችብኝና ለገንዘብ ተቀባይዋ ጮክ ብላ፣ «ቴሳ እኮ አሁን እማ የምትለው እኔን ነው! ጠዋት ጠዋት ዳቦዋን የለውዝ ቅቤ እቀባላታለሁ» አለች።

እኔም፣ «የኔ እህት፣ ለእመቤቲቱ ንገሪልኝ፤ ለውዝ የልጄን ጉሮሮ ያሳብጣል» አልኩ።

«ኧረ እናንተ ሰዎች፣ እኔ ስልክ ነኝ እንዴ?» አለች ገንዘብ ተቀባይዋ።

ለውዝ እቀባላታለሁ ማለቷ ውሸት መሆኑን ዐውቃለሁ፤ እሷን «እማ» ማለት አለማለትሽን ግን አላውቅም። እምነት መተው ልጅን መተው አይደለም፤ ነው ብሎ የሚፈርድ ሁሉ ተሳስቷል።

ጤናሽ ይብዛልኝ። እስከ ልደትሽ ቀን፣ እስከ ማርች ዘጠኝ፣ ደውለሽ አንድ ጊዜ «እማ» በዪኝ፤ ወዲያው ብትዘጊውም አልቀየምሽም።