የላይፕዚጉ ማይክራፎንና አባትሽ

ሮቤ፣ ኅዳር 9 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለልጄ ለጁሀራ ከማለዲን
ላይፕዚግ

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱ። ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ የዓይኔ ማረፊያ፣ እንዴት ከርመሻል? ብርዱስ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ገብሱ ታጭዶ ገብቷል፣ ጉንፋኔ ለቆኛል፣ የአባትሽም ጉልበት ዝናቡ ካባራ ወዲህ ተሽሎታል። ፊደሌ እየተንጋደደ ካስቸገረሽ አትፍረጂብኝ፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው እኔው ራሴ ነኝ። የመሠረተ ትምህርት ሰርተፊኬቴን ካገኘሁ ወዲህ ሰው ማስቸገር ትቻለሁ። የዛሬው ደግሞ ለጸሐፊ የሚነገር አይደለም።

ማይክራፎኑ ደርሷል። ያመጣው የጎባው ልጅ እንዳይሰበርበት በካልሲ ጠቅልሎ፣ ካልሲውን ጫማ ውስጥ ከትቶ ነው ያስገባው። ስፈታው የሸተተኝን አልነግርሽም።

ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አስተማሪያችሁ እያንዳንዱ ተማሪ የአገሩን ሰው ድምፅ በገዛ ቤቱ አስቀርጾ ያቅርብ እንዳለ፣ አንቺም የአባትሽን የዚክሪ ዜማ እንደመረጥሽ፣ ከጥር በፊት ካልደረሰ ፈተናው እንደሚያልፍሽ ገብቶኛል። ችግሩን ግን አንቺም ታውቂዋለሽ። የወፍጮ ቤቱን ልጅ አላገባም ብለሽ፣ አባትሽን ሳትጠይቂ ፎርም ሞልተሽ ከሄድሽ ሁለት ዓመት ሆነ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ስምሽን ጠርቶ አያውቅም። የግድ ሲሆንበት «ያቺ ልጅ» ይላል። የላክሽውን መልእክት ስነግረው ከሚሰፋው ኮርቻ ላይ ቀና እንኳ አላለም። «ሼክ ሁሴን ለዚያራ ሄጄ የማዜመውን ለብረት አላዜምም» አለኝና በዚያው ዘጋው።

እኔም መጀመሪያ ማይክራፎኑ ይሥራ፣ የቀረውን አላህ ያውቃል ብዬ መናኸሪያው አጠገብ ሬዲዮ የሚጠግነውን ፀጋዬን ጠራሁት። መሰኪያው ለእኛ ቴፕ አልገባ ብሎ ነበርና ቆርጦ ሌላ በየደለት። ከዚያ ሦስት ዓይነት ማይክራፎን ካልሞከርን የትኛው እንደሚሻል አይታወቅም አለ። እንዳለውም አደረግን።

አንደኛው ቴፑ ውስጥ ያለው የራሱ ነው። ድምፄን መልሰን ስንሰማው የቴፑ ሞተር እርር እያለ፣ እህል ሳስፈጭ ያወራሁት ይመስላል። ሁለተኛውን ከቀበሌ ተዋስን። የሴቶች ማኅበር ሊቀ መንበሯ ወይንሸት ራሷ ይዛው መጣች፤ ግን የቀበሌ ንብረት በባዶ አይሰጥም፣ መጀመሪያ ሁለት መፈክር ይግባበት አለች። ሳሎናችን መሀል ቆማ ግራ እጇን አንስታ አስገባች። እውነቱን ለመናገር መፈክሩ አምሮ ወጣ። እኔ ቀጥዬ ቀስ ብዬ ሰላም ስልሽ ግን አንድ ቃል አልተሰማም። ፀጋዬ «እትዬ ሞሚና፣ ይሄ ለስብሰባ የተሠራ ነው። አፍ ላይ ተደግኖ ካልጮኹበት አይሰማም» አለኝ።

ሦስተኛው ያንቺ ነው፤ ፀጋዬ ኮንደንሰር ይለዋል። ኮንደንሰር ማለት ሆዱ ውስጥ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳች ነገር አለችው፣ ትንፋሽ ሲነካት ትንቀጠቀጣለች፣ ለዚህም ነው ባትሪ የሚፈልገው ብሎ አስረዳኝ። እኔ ተናገርኩ፣ መልሰን ከፈትነው። የእኔ ድምፅ ቁልጭ ብሎ ወጣ፤ ከእኔ ድምፅ በኋላ ደግሞ የወይንሸት ሹክሹክታ ቁልጭ ብሎ ወጣ። በሩ ጥግ ቆማ ፀጋዬን «ሞሚና እኮ ከሱቋ ጓሮ ስኳር ደብቃለች ይባላል፣ አይተሃል?» ብላዋለች። ሦስታችንም ጣሪያውን አየን። ወይንሸት ቶሎ ብላ እንዲህ ያለ የሚያዳምጥ መሣሪያ በቀበሌ መመዝገብ አለበት አለች። እኔ ከወንድም ሶሻሊስት አገር የመጣ ነው ስላት ነጠላዋን አስተካከለች። የስኳሩን ነገር እሷም አላነሳችም፣ እኔም አላነሳሁም።

እንግዲህ ያንቺን መረጥን። መምረጡ ቀላል ነበር፣ ማሠራቱ ግን ሳምንት ፈጀ። መጀመሪያ ድምፁ ከሩቅ የሚመጣ እየመሰለ አስቸገረን፤ በሦስተኛው ቀን ፀጋዬ ከማይክራፎኑ ጋር የላክሽውን ሥዕል ደህና አድርጎ ሲያየው ለካ ለጀርባው ነው ስናወራ የቆየነው። ፊቱን ወደ እኔ አዞረው። ቀጥሎ ቆርቆሮው አስተጋባ። መኝታ ቤት አስገባነው፤ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስና ጋቢ ሰቀልን፣ ፍራሹን አቆምነው። በዚህ የተነሳ አባትሽና እኔ ሁለት ቀን ምንጣፍ ላይ ተኛን። አባትሽ አንድ ቃል አልተናገረም፣ ሲነሳ ግን ጉልበቱ ተናገረ። ደግሞ «ላይፕዚግ» ባልኩ ቁጥር «ፕ» ላይ ሲደርስ እንደ ጥይት ይጮኻል። ለዚህ መድኃኒቱን ያመጣችው ወይንሸት ናት፤ የተተረተረ ስቶኪንጓን ሰጠችኝ፣ የወንፊቴን ክብ አውጥቼ ወጠርኩበት፣ ከማይክራፎኑ ፊት አቆምኩት። ጥይቱ ቆመ። አፌን ስንዝር አርቄ እንድቀመጥም ተነገረኝ።

ሁሉ ነገር ሲሰናዳ እኔ ራሴ መናገር አቃተኝ። አባትሽ እምቢ ቢል እንኳ የእኔን ድምፅ ልላክላት ብዬ ነበር። ሱቅ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የማወራ ሴትዮ፣ እዚያ ፊት ስቀመጥ «ጁሀራ» ብዬ ከዚያ በኋላ ያለው ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። ከወዲያኛው ክፍል ደግሞ አባትሽ ኮርቻውን በመዶሻ ይመታል። ቀስ በል ስለው «በቤቴ ነው የምመታው» ይላል።

ያለፈው ጁምዓ፣ ሰው ከሶላት ከተመለሰ በኋላ፣ ቴፑን ከፍቼ ልቀመጥ ስል የጎረቤት ፍየል ሱቅ ገብታ የገብሱን ጆንያ ስትቦጭቅ ሰማሁ። ቴፑን ሳላጠፋ ሮጬ ወጣሁ። ፍየሏን ሳባርር፣ የተበተነውን ስለቅም፣ ከባለቤቷ ጋር ስነታረክ ቆየሁ። ስመለስ አባትሽን መኝታ ቤት አገኘሁት፤ ፍራሹ ወድቆ ሊያነሳው ይታገላል። ምን ፈልገህ ነው ስለው ወስፌ ጠፍቶብኝ ነው አለ። ወስፌው በጆሮው ላይ ተሰክቷል።

በማግስቱ ጠዋት ብቻዬን ሆኜ ካሴቱን ከፈትኩ። መጀመሪያ ዝምታ ነው። ከዚያ በሩ ሲጢጥ አለ፣ አባትሽ ሳለ፣ ሲቀመጥም ጉልበቱ ቋ ሲል ሳይቀር ተሰማ። «አንቺ ነሽ እንዴ ይህን ሁሉ ቤት ያተራመስሽው?» አለው ማይክራፎኑን። ከዚያ «ጁሀራ» አለ።

ቴፑን አጥፍቼ ጓሮ ወጣሁ። ቆይቼ ተመልሼ ከፈትኩት።

እዚያ በረዶ መሬት ላይ ይቆለላል የሚባለው እውነት ነው ወይ ይልሻል። እግርሽን ብርድ እንዳይነካው ይልሻል። የወፍጮ ቤቱ ልጅ ባለፈው ወር ሁለተኛ ሚስት አገባ፣ ድግሱ ላይ ተጠርቼ በላሁ፣ ስበላም አንቺ እዚያ ቤት አለመኖርሽን አስቤ ምግቡ ጣፈጠኝ ይልሻል። ቀጥሎ ያለውን ስሰማ ግን ተነስቼ ቆምኩ። ደብዳቤዎችሽን እኔ ከሣጥኑ ሥር ከማስቀምጥበት እያወጣ ሁሉንም በፀጋዬ እያስነበበ ይመልሳቸው ኖሯል። «እናትሽ እንዳትሰማ» ይላል። «የአባቴ ማንኮራፋት አሁንም እንቅልፍ ይነሳሻል ወይ» ብለሽ የጠየቅሽኝን ሁሉ ሰምቷል ማለት ነው። ያ ፀጋዬ ሳምንት ሙሉ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ሻይ ሲጠጣ ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም።

ከዚያ አዜመ። እኔ ሠላሳ ዓመት ሰምቼዋለሁ፤ ከሕዝብ ጋር፣ ከጭብጨባ ጋር። እንዲህ ብቻውን፣ ቀስ ብሎ፣ ትንፋሹ ሲገባና ሲወጣ እየተሰማ ሰምቼው አላውቅም። እኩሌታው ላይ ሲደርስ ከውጭ የእኔ ጩኸት መጣ፣ ፍየሏን ስሰድብ። ደንግጦ ሲነሳ ፍራሹን መታው፤ ፍራሹ ሲወድቅበት፣ «ያ ረቢ» ሲል፣ ካሴቱ አለቀ።

ልጄ፣ ከዚያ በኋላ ጭንቅ ሆነብኝ። ሳላስፈቅደው ብልከው ሰርቄዋለሁ። ብነግረው ያፍራል፤ ሲያፍር ደግሞ ይቆጣል፣ ካሴቱንም ይሰብረዋል። ባልከው የሚቀረው ያንቺ ትምህርት ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ለደንበኛ ጨው ሲሉኝ ሳሙና እየሰጠሁ ዋልኩ።

ዛሬ ጠዋት፣ ነገ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ተገኘ ተባለና ልልከው ወስኜ ካሴቱን በጨርቅ ስጠቀልል አባትሽ ከኋላዬ ገባ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለኝ።

«ካሴት።»

«ምን አለበት?»

«ፍየሏ» አልኩት።

ሳቀ ብልሽ አታምኚኝም። አልሳቀም፣ ግን ጢሙን ያዘ። ካሴቱን አየና «ጀርባውስ?» አለኝ።

«ጀርባው ባዶ ነው።»

ወጥቶ ውዱእ አደረገ። ነጩን ጥምጣሙን ጠመጠመ፣ መኝታ ቤት ገባ። ፍራሹን ራሱ አቆመ። የትኛው ነው ፊቱ ብሎ ጠየቀኝ፣ አሳየሁት። ስንዝሩንም ለካሁለት። ቴፑን ከፍቼ ስወጣ «የዚያችን ፍየል ነገር አደራ» አለኝና በሩን ዘጋ።

ባሕር ማዶ ያለ ሰው ይህን ላያምን ይችላል፤ እኔ ሞሚና፣ ባለሱቅ፣ የሰው ፍየል አንገት አቅፌ፣ አፏን በእጄ ይዤ፣ ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ። ወይንሸት በመንገድ ስታልፍ ቆማ አየችኝ። በጣቴ ዝም በይ አልኳት። ድምፁን ስትሰማ እሷም አጠገቤ ተቀመጠች። እስከ መጨረሻው አዜመው፤ አንቺ ሕፃን ሳለሽ እንቅልፍ እምቢ ሲልሽ ይልልሽ የነበረውን ስንኝ ጭምር፤ እሱ ዚክሪው ውስጥ እንደሌለ ታውቂያለሽ።

ሲወጣ ዓይኑን አላየሁትም፣ እሱም አላሳየኝም። ደብዳቤ እየጻፍኩላት ነው፣ ምን ልበልልህ አልኩት። «ምንም አላለም ብለሽ ጻፊ» አለኝ።

እንግዲህ አባትሽ ምንም አላለም። አሁን ይኸው ማንበብ የማይችል ሰውዬ ትከሻዬ ላይ አጎንብሶ «ምንም አላለም» የሚለው የቱ ጋ እንደሆነ በጣቴ እንዳሳየው ይጠይቀኛል። አሳይቼዋለሁ። ረዝሟል ይላል።

የእኔን ድምፅ ካሴቱ ላይ አትፈልጊው፤ ፍየሏን ስሰድብ ካለው በስተቀር የለም። ጉሮሮዬ የያዘውን እጄ ይጽፈዋል ብዬ ነበር፣ እሱም ይኸው ገጹ አለቀበት። አላህ በሄድሽበት ይቅደምልሽ፣ እውቀትሽን የሚያኮራ፣ መንገድሽን ወደ ቤት የሚመልስ ያድርገው። አሚን። እያልኩ ሳለሁ አባትሽም ከጀርባዬ አሚን ብሏል፤ ይህን ግን እንዳልጻፍኩት ቁጠሪው።

እናትሽ
ሞሚና