ዳማን በቀኙ ቅረቡት

ገርጂ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ፈዬራ፣

እንደ ወጉ «እኛ ደህና ነን» ብዬ ልጀምር አስቤ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። በስልክ እንዳልነግርህ ገና ሁለት ቃል ሳልናገር መቀለድ ትጀምራለህ፣ እኔም ንዴቴ ይጠፋብኛል። ትብለጽ ለእረፍት መጥታ ነገ አንተ ወዳለህበት ሻርጃ ስለምትመለስ ይህን ደብዳቤ በእሷ እጅ ልኬልሃለሁ። እባክህ እስከ መጨረሻው አንብበው።

ልጄ ፌናን ከሆስፒታል ወጥታለች። እጇ ከክርኗ በላይ ስለተሰበረ ብረት ገብቶላታል። ጣቶቿን ታንቀሳቅሳለች፣ እህልም ትበላለች፤ ግን ፈረሱ ባለበት በኩል አታልፍም። የአሥር ዓመት ልጅ ሽንት ቤት ለመሄድ ቤቱን በሙሉ ስትዞር ማየት ምን እንደሚመስል አታውቅም።

አደጋውን በጥድፊያ ነግሬሃለሁ። ክረምቱ የጋጣውን ግድግዳ ስለናደው ዳማን በሩ አጠገብ ካለው ዛፍ ላይ አስሬው ነበር። ፌናን ድርቆሽ ይዛለት በግራው በኩል መጣች። ደንግጦ ዞረና ረገጣት። ሰው ረግጦ የማያውቅ ፈረስ!

ፈረስ አያያዝ ሁለታችንንም ያስተማርከን አንተ ነህ። ሳትናገሩት አትጠጉት፤ ከኋላው አትቁሙ፤ በጎኑ ስታልፉ እጃችሁን ከጀርባው አታንሡ፤ ገመዱን እጃችሁ ላይ አትጠምጥሙ። እሑድ እሑድ ከሃያ ሁለት ሰፈር ድረስ ልጆቻቸውን ሊያስጋልቡ ለሚመጡት ወላጆችም ይህንኑ እንደ ዳዊት እደግምላቸው ነበር። መጨረሻ ላይ ደግሞ ያቺ የአንተ ትመጣለች፦ «ዳማን በቀኙ ብቻ ቅረቡት።» ሰው ሁሉ ፈረስን በግራ ሲቀርብ እኛ ለምን በቀኝ ብዬ ስጠይቅህ ምን አልከኝ? «የአባታችን ወግ ነው።» እኔ ጅሏ አመንኩህ። እንዲያውም ኮራሁበት። እርሻው ሄዶ፣ መሬቱ ላይ ኮንዶሚኒየም በቅሎበት፣ ከአባባ የቀረችን አንዲት ነገር መስላኝ ነበር።

ፌናን ከተጎዳች በኋላ ሔዋን የምትባል የእንስሳት ሐኪም ጠራሁ። እጇን በዳማ ግራ ዓይን ፊት ደጋግማ አወዛወዘች። አልተርገበገበም። «ይሄ ዓይን ከጠፋ ቆይቷል፤ ያሳደገው ሰው ሳያውቅ አይቀርም» አለችኝ። «ወንድሜን አታውቂውም!» ብዬ ጮህኩባት። ሴትዮዋ ቦርሳዋን አንሥታ ልትሄድ ምንም አልቀራትም።

ከዚያ ደወልኩልህ። ሐኪም አየችው አልኩህ እንጂ ስለ ዓይን አንድም ቃል አልተነፈስኩም። አንተ ግን «ዓይኑን አየችው እንዴ?» አልከኝ።

ጋጣውን ስትሠራ ግራው ሁልጊዜ ወደ ግድግዳ እንዲሆን ያደረግከው ለምን እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ። «ደሪቱ፣ ስሚኝ፤ ሰው ካወቀ ልጁን አያመጣም። ሥራው እንዳይቆምብሽ ብዬ እኮ ነው» አልከኝ። ቀጥለህም፣ «ፈረስ ለሚፈልገው ለመኩሪያ ለምን አትሸጪውም? ሲመጣ በቀኙ አሳዪው፣ ዝም በይ፣ በቃ።» መኩሪያ እኮ ቤቱ ትንንሽ ልጆች አሉት! ያን ስትለኝ ፌናን እጇ ተጠቅልሎ አጠገቤ ተኝታ ነበር።

ከድተኸኛል ፈዬራ። ሌላ ቃል ፈልጌ አጣሁለት። የሚያቃጥለኝ የፈረሱ ዓይን አይደለም፤ ብትነግረኝ ኖሮ እንደሚሆን አድርጌ እይዘው ነበር። ያን ሁሉ ጥንቃቄ አስተምረህ ዋናውን ደበቅከኝ፣ ለዚያውም በሞተው አባታችን ስም።

መኩሪያ ባለፈው ቅዳሜ ከላምበረት መጣ። በግራው አዞርኩትና ሔዋን እንዳደረገችው እጄን አወዛወዝኩለት። እሱም «እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ እህቴ» ብሎ ሳይገዛ ሄደ። ለእሑድ ደንበኞችም ነግሬያቸው ሥራው ቆሟል። ምን እንደምንበላ ገና አላውቅም፤ እሱን እኔ አስብበታለሁ።

ይህን ሁሉ ውጬው እቀር ነበር። ያልቻልኩት የፌናንን ነው። በግራው መቅረቧን ወግ መርሳት ብቻ አድርጋ ነው የምታየው፤ የረገጣት ግን በራሷ ጥፋት መስሏታል። «እማ፣ ተናግሬው ነበር፤ ግን ድምፄ ትንሽ ሳይሆን አይቀርም» ትለኛለች። ትናንት እጄን ይዛ ምን አለችኝ መሰለህ? «በደንብ ሳልናገረው እንደተጠጋሁ ለጋሼ ፈዬራ እንዳትነግሪው፤ ያስተማርኳትን ረሳች ብሎ ያዝንብኛል።» አንተ ልታዝንባት! ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ።

እውነቱን ልነግራት አስቤ ተውኩት። እንዴት እንደምትወድህ ታውቃለህ። ከእኔ ከሰማችው ዕድሜ ልኳን ውሸታም ሆነህ ትቀርባታለህ፤ ከአንተው ከሰማችው ምናልባት ይቅር ትልህ ይሆናል። ስለዚህ ይህ እንደደረሰህ ደውልላት። ዓይኑ እንደማያይ፣ አንተም ይህን ታውቅ እንደነበር፣ እሷ ምንም እንዳላጠፋች ራስህ ንገራት። በቀልድ አታለዝበው።

በሰው አገር እመብርሃን ትጠብቅህ፣ ከክፉ ነገር ትሰውርህ። ተናድጄም ቢሆን ይህን የምልህ ከልቤ ነው።

ስልኬን ለፌናን ሰጥቻታለሁ። ስትደውል የምታነሣው እሷ ናት፤ እኔ አጠገቧ አልሆንም።

እህትህ፣
ደሪቱ