ልጄ በአካል ቀርባ ወንበሯን እንድትለቅ ስለመጠየቋ

ለትምህርት ቤታችን የልዩ ተሰጥኦ ተማሪዎች መለያ ኮሚቴ
ለተከበሩ ሰብሳቢ ለአቶ አማረ
ወላይታ ሶዶ

የተከበሩ አቶ አማረ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም የኮሚቴዎ አባላትም በጤና፣ በሰላምና በበቂ የማኅተም ቀለም እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ የነበረችውና ኅዳር ላይ በወባ ያረፈችው የጥሩነሽ ጌታሁን እናት ነኝ። በቀብሯ ዕለት ሁምቦ ድረስ መጥተው ትምህርት ቤቱን ወክለው የተናገሩት እርስዎ ስለሆኑ ያስታውሷታል ብዬ ነበር።

ባለፈው ሳምንት በሰሌዳው ላይ በተለጠፈው ዝርዝር ልጄ ከአርባ ሁለት ተማሪዎች አንደኛ ሆና ለክረምቱ ልዩ ክፍል መመረጧን አንብቤአለሁ፤ ከልብ አመሰግናለሁ። ጎበዝ መሆኗን አውቅ ነበር፤ ኅዳር ላይ ያረፈች ልጅ መጋቢት ላይ ተፈትና ከአርባ ሠላሳ ስምንት ታመጣለች ብዬ ግን አልጠበቅሁም። ቢሆንም ጥቂት ቅሬታዎች ስላሉኝ በትሕትና አቀርባለሁ።

1. በመምህር መመዘኛ ቅጹ ላይ አትረብሽም፣ ያለ ፈቃድም ከወንበሯ አትነሳም ተብሎ ከአሥር አሥር ተሰጥቷታል። በዚህ ክርክር የለኝም። ከመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ይልቅ በጠባይ ከፍተኛ መሻሻል አሳይታለች የሚለው ግን ቅር አሰኝቶኛል፤ እኔ እናቷ አሥራ ሁለት ዓመት ለፍቼ ያላመጣሁትን ጸጥታ እናንተ በአንድ መንፈቀ ዓመት አመጣችሁት።

2. ስታድግ ምን መሆን ትፈልጋለች በሚለው ላይ ዶክተር ተብሎ ተሞልቷል፤ ለአርባ ሁለቱም በአንድ እስክሪብቶ ዶክተር ተብሎ ተሞልቷል። ጥሩነሽ ግን የባጃጅ ሹፌር ለመሆን ነበር ሐሳቧ። ባጃጅ በፍጥነት ሲታጠፍ ለምን ወደ ውጭ እንደሚያጋድል የሶዶን ሹፌሮች ሁሉ ጠይቃ መልስ ስላጣች፣ ራሷ ነድታ ልትደርስበት ነበር።

3. ዋናው ይህ ነው። ስሟ ተሰርዞ ቦታው ለመጀመሪያዋ ተጠባባቂ ለናዲያ እንዲሰጥ ስጠይቅ፣ የመዝገብ ቤቱ አቶ ቸርነት ወንበሩ የሚለቀቀው ተማሪዋ ራሷ በአካል ቀርባ ስትፈርም ብቻ መሆኑን ገለጹልኝ። አሁን ሁምቦ ናት ስላቸው፣ ሁምቦ ቅርብ እንደሆነና ጠዋት ሚኒባስ ከያዘች ለምሳ እንደምትመለስ አስረዱኝ። ከአያቷ አጠገብ የቀበርናት መሆኑን ስነግራቸው እጅግ አዘኑ፤ ወንበር አቀረቡልኝ፤ አጽናኑኝም። ከዚያም መምጣት ለማይችል ተማሪ ውክልና እንደሚቀበሉ፣ ውክልናውን ግን ልጄ መፈረም እንዳለባት በሐዘኔታ ነገሩኝ።

ናዲያ ከልጄ ጋር ስድስት ዓመት አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጠች ናት። ለቅሶ ስትመጣ የጥሩነሽን ደብተር ለምና ወሰደች፤ ከሦስት ሳምንት በኋላም ከካርቶንና ከቆርኪ የሠራችውን ባለ ሦስት ጎማ ይዛ መጥታ፣ ጠረጴዛዬ ላይ እያዞረች ለምን እንደሚያጋድል አስረዳችኝ። ግማሹ ገብቶኛል። ልዩ ክፍሉ ሰኞ ይጀምራል፤ እስከዚያ ፊርማው ካልመጣ ወንበሩ ክረምቱን ሙሉ ባዶውን ይቀመጣል።

4. አራተኛ ቅሬታ የለኝም። በሦስት ነጥብ ያለቀ ደብዳቤ ቢሮ ውስጥ አይከበርም ሲባል ስለሰማሁ ቁጥሩን ጨምሬአለሁ።

ሐኪሞቹ ያልቻሉትን ችላችሁ ልጄን እስከ ሰኔ በዝርዝር ላይ ስላቆያችሁልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

በመዝገብ ቤቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ውሳኔያችሁን በአክብሮት የምጠብቅ፣
ሽታዬ ቶማ
የአንደኛዋ ተማሪ እናት

ግልባጭ፦ ለሰሌዳው፣ ከዝርዝሩ ጎን

ማስታወሻ፦ ናዲያ ወደ ተጠባባቂነት የወረደችው ጥያቄ ታበዛለች ተብሎ አራት ነጥብ ተቀንሶባት መሆኑን ከዝርዝሩ ግርጌ አየሁ። ልጄም በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት በዚሁ ምክንያት አራት ነጥብ ተቀንሶባት ነበር፤ ሙሉውን ያገኘችው መጠየቅ ካቆመች በኋላ ነው። ናዲያን ግን እባካችሁ እየጠየቀች ሳለች ተቀበሏት።