የደርባባ አደራ

ጥቅምት 8፣ ደባርቅ፣ ረፋድ

ገብሷን በላች። ውኃዋን ግማሽ ተወች። ልጓሟን አውልቄ ሻንጣዬ ውስጥ፣ ከጋቢው ሥር ደበቅሁት። ምክንያቱን ለአንቺ ብቻ ልንገርሽ፣ ደብተሬ። ደርባባ በቅሎ ትባል እንጂ ጠባይዋ የወይዘሮ ነው፤ ያለ ልጓም የሚጋልባት ሰው በዚህ ተራራ ሥር ገና አልተወለደም። እኔ ባሕር ማዶ ስንሸራሸር አንድ ጎረምሳ እንዳይቀመጥባት ብዬ ነው። ልጄ አዲሱ መጥቶ ሻንጣውን ሲያነሣ ከበደው። ምን ከተቱበት ብሎ ጠየቀኝ። ኃጢአቴን፣ አልሁት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቅ ነበር።

ስቶክሆልም ያለችው ልጄ ጥሩወርቅ ናት ቲኬቱን የላከችው። ለአንድ ወር። ሐኪም ይየዎት፣ የልጅ ልጆችዎንም ይዩ ብላ። ከደረስጌ ማርያም ንግሥ ስመለስ ቁልቁለቱ ላይ ደርባባ ከጣለችኝ ወዲህ ቤቱ ሁሉ እንደ እንቁላል ነው የሚይዘኝ። ጣለችኝ ይላሉ እነሱ። እኔ ነኝ የወደቅሁት። ልዩነት አለው። ጎኔ አሁን ድኗል፤ ካልሳቅሁ።

እዚያው ቀን፣ ከሰዓት

ደርባባን ለዋሴ አስረከብሁ። ዋሴ አብሮ አደጌ ነው፤ አብረን ዳዊት ደግመን፣ አብረን በየኔታ አርጩሜ ተገርፈን፣ አብረን አረጀን። አደራህን፣ አልሁት። የወትሮው ዋሴ ቢሆን እሷ ለእኔ፣ አንተ ለጅብ ብሎ ያሾፍብኝ ነበር። ዛሬ አፌን ሳልዘጋ በቅ/ጊዮርጊስ ስም ማለ። ዐይኑን መሬት ላይ ተክሎ። መለያየታችን ከብዶት ነው ብዬ ሆዴ ባባ።

ጥቅምት 11፣ ስቶክሆልም

ገባሁ። ጉምሩክ ላይ ጉድ ፈላ። የማሽኑ ዐይን ብረት አየ። ሻንጣ ይከፈት ተባለ። ሽሮው ወጣ፣ በሶው ወጣ፣ ልጓሙ ወጣ። ሁለት መኮንኖች ያገላብጡታል። ቋንቋ የለኝ። ብረቱን ጥርሴ መሐል አስገብቼ አንገቴን ሁለት ጊዜ ነቀነቅሁ። ሴትዮዋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። አሳለፉኝ።

ጥሩወርቅ ውጭ ትጠብቀኛለች። አቅፋ ሳመችኝ፣ አለቀሰች፣ ሳቀች። ልጓሙን ስታይ ግን ፊቷ ተለወጠ። ይህን ደግሞ ለምን አመጡት አለች። መልሴን ሳትጠብቅ መኪናው ኋላ ወረወረችው። ረጅም በረራ እኔን እንጂ እሷን ምን አደከማት?

ጥቅምት 15፣ ንጋት

ደብተሬ፣ የምነግርሽን ለማንም አታውሪ። ልጆቹ እንዳይነቁ ብዬ ለጸሎት ወደ ሕንፃው ደረጃ እወጣለሁ። ፀጥ ብዬ ቆሜ ዳዊት ስደግም ይጨልማል። ስሰግድ ይበራል። ሦስት ንጋት አጣራሁ። ቆምሁ፣ ጨለመ። ሰገድሁ፣ በራ። በዚህ ዕድሜዬ፣ እንደ እኔ ላለ ቀልደኛ እንዲህ ያለ ተአምር! ዛሬ ስግደቱን አብዝቻለሁ። ጉልበቴ አልቋል፣ ደስታዬ ግን ሙሉ ነው።

እዚያው ቀን፣ ማታ

ለጥሩወርቅ ነገርኋት። አምቃ አምቃ ሳቋ አመለጣት። መብራቱ የሚንቀሳቀስ ነገር ሲያይ ነው የሚበራው። ለጎረቤት ድመትም ይበራል።

ለድመት።

ጥቅምት 19፣ እሑድ

የልጅ ልጆቼ መናፈሻ ወሰዱኝ። ጥጃ የሚያህል ውሻ እየሮጠ መጣብኝ። የአገሬን ብልሃት ተጠቀምሁ፤ ጎንበስ ብዬ ድንጋይ እንደሚያነሣ ሰው ሆንሁ። ከደባርቅ እስከ ዳባት ይህን አይቶ ያልሸሸ ውሻ የለም። ይኼኛው ፊቴ ቁጭ አለ። ጭራውን ይቆላል። በል እንጂ ይላል። ጨነቀኝና የእውነት ድንጋይ አንሥቼ ወዲያ ወረወርሁ። ሮጦ ሄዶ አምጥቶ እግሬ ሥር አስቀመጠልኝ። ባለቤቱ መጥቶ እጄን ጨበጠ፣ አመሰገነኝ። ልጆቹ ሣር ላይ እየተንከባለሉ ይስቁብኛል።

ማታ ለዋሴ ደወልሁ። ደርባባ እንዴት ናት? ደኅና ናት። ድምጿን አሰማኝ። ሜዳ ናት። በዚህ ሰዓት? ተንተባተበና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፤ ገብስ ከእጄ መብላት ጀምራለች።

ስልኩን ዘጋሁ። ከእጁ! እኔ ከቁና ካልቀረበላት አፏን አትከፍትም፤ የእኔን መዳፍ ስንት ዓመት ስትጠየፈው ኖራለች። አሥር ቀን ዞር ብል ከዋሴ እጅ ትበላለች? በቅሎ ናትና ዘመድ አታውቅም ብዬ ልተወው አሰብሁ። አልተወኝም። እንቅልፍም የለ።

ጥቅምት 26

ደብተሬ፣ ከመጀመሪያው ልጀምርልሽ።

ጠዋት ከጥሩወርቅ ጋር ከተማ ወጣን። አደባባዩ ላይ ሁለት ፖሊሶች፣ ፈረስ ላይ። ልቤ ዘለለ። እዚህ አገር ቋንቋው የሚገባኝ የመጀመሪያው ፍጡር። ፈረስ አይቶ ዕድሜውን ሳይጠይቅ የሚያልፍ ምን ዓይነት ሰው ነው? ጠጋ ብዬ ከንፈሩን ገለጥሁ፣ ጥርሱን አየሁ። ገና ጎልማሳ። የፊት እግሩን ኮቴ ልይ ብዬ ጎንበስ አልሁ። ፈረሱ አልተቆጣም። ላዩ ላይ ያለችው ተቆጣች። ጓደኛዋ ወርዶ ክንዴን ያዘ። ሰው ተሰበሰበ። ጥሩወርቅ ቲማቲም መስላ በስዊድንኛም በእንግሊዝኛም ይቅርታ ስትለምን ቆየች። ለቀቁኝ።

ባቡር ውስጥ እኔ አላቆምሁም። ፈረሱ ገብስ ቀምሶ አያውቅም፣ ከሆዱ ያስታውቃል። ደርባባ ብትሆን ይህን ድንጋይ ንጣፍ በአንድ ቀን ትለምደው ነበር። ስመለስ ደርባባን… እያልሁ ጥሩወርቅ ወደ መስኮቱ ዞረች።

«አባዬ፣ ይብቃዎ» አለች። «ደርባባ የለችም። ተሸጣለች።»

ቀልድ መሰለኝ። ለማን፣ ለፖሊሶቹ? አልኋት። አልሳቀችም።

ጥቅምት 27

አልበላሁም።

ሁሉም ያውቁ ኖሯል። አዲሱ። የአዲሱ ሚስት። የንስሐ አባቴ ጭምር፤ ለመንገድ ሲያሳርጉልኝ ያን ያህል ያስረዘሙት ለካ ለዚህ ነው። አዲሱን በስልክ ያዝሁት። ለአንቱ ብለን ነው ይላል። የጎንደሩ ሐኪም ከእንግዲህ በቅሎ ላይ እንዳይወጡ ብሏል ይላል። ሐኪሙ ለእኔ ያለኝ ሌላ ነበር፤ አባቴ ብርቱ ነዎት ብሎ ትከሻዬን መታ አደረገኝ። ፊት ለፊት ብንጠይቅዎ እሺ አይሉም ይላል አዲሱ። እውነት ነው፣ አልልም። ስለዚህ በቅሎዋን ከጋጣ ለማውጣት መጀመሪያ እኔን ከአገር አወጡኝ። ናፍቆቱም፣ ቲኬቱም፣ ምርመራውም አንድ ገመድ ነው። እኔ በልጓም አስሬያት የሄድሁ መስሎኝ፣ የታሰርሁት እኔ።

ዋሴስ? ስልኩ ይጠራል። አያነሣም። ስሙ ዋሴ፤ ዋስነቱ የታለ? ባዶ ጋጣ ፊት ቆሞ ነው ከእጄ ትበላለች ያለኝ። ልጅ ቢከዳ ልጅ ነው፣ ለእርጅናዬ ይፈራልኛል። ዋሴ ግን እኩያዬ ነው። እሱ ምን አግብቶት ነው የሚፈራልኝ?

ጥቅምት 29

በቀል። እራት ላይ ጉሮሮዬን ጠረግሁና አወጅሁ። በቅሎም የለኝ፣ ከእንግዲህ ደባርቅ ምን አለኝ፤ የቀረችኝን ዕድሜ እዚሁ ከእናንተ ጋር እጨርሳታለሁ። የአማቼ ሹካ አየር ላይ ቀረ። ጥሩወርቅ እሰየው አለች፤ ቃሉ እሰየው ነው፣ ድምፁ የልቅሶ ቤት። እኔ ቀጠልሁ። አልጋዬ ወደ ሳሎን ትውጣ፣ ለደረጃው ጸሎትም ምንጣፍ ይገዛልኝ።

ጥቅምት 30

የመመለሻ ቲኬቴ ታትሞ ከቁርሱ ጎን ተቀምጧል። ሳቅሁ። ጎኔን አመመኝ።

ኅዳር 3

ፀሐይዋም የሰዎቹን ጠባይ ተምራለች። ዘጠኝ ተኩል ሳይሞላ ሹልክ።

ጥሩወርቅ ልጓሙን ይዛ ገባች። እስከ ዛሬ ከመኪናው አልወጣም ነበር። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ብረቱን በቀሚሷ ትወለውላለች። የወደቅሁ ዕለት አዲሱ ደውሎላት ኖሯል፤ ሰው ሲንጫጫበት ስልኩን ሳይዘጋ ኪሱ ከተተው። በቃሬዛ ሲያነሡኝ፣ ሴቶቹ ሲያለቅሱ፣ መንገዱን ሙሉ ሰማች።

«የሁሉም ድምፅ ነበር፤ የአንቱ ብቻ አልነበረም» አለችኝ። «ደባርቅ እስኪገቡ እኔ አባቴን ቀብሬ ጨርሼ ነበር።»

ቀልድ ፈለግሁ። ከአፌ ጠፋ።

ደብተሬ፣ ለአንቺ ልናገር። መጀመሪያ ሕመሙ ነው ዝም ያሰኘኝ። ከመንገዱ አጋማሽ ወዲያ ግን ደኅና ነበርሁ። ተሸካሚዎቹ በር ላይ ሲያወርዱኝ ብድግ ብዬ ላስደነግጣቸው ብዬ ነው ዐይኔን ጨፍኜ የተኛሁት። እሷ እዚህ ሆና ትሰማ እንደነበር ማን ነገረኝ። ይህን አልነገርኋትም። ልጓሙን ተቀብዬ ሻንጣዬ ውስጥ ከተትሁ።

እንዲህም ሆኖ ከድተውኛል። ከዚህ ነቅነቅ አልልም።

ኅዳር 10፣ ደባርቅ

በጎንደር በኩል ገባሁ። አዲሱ መኪና ይዞ ተቀበለኝ። ኮሶዬ ላይ ቆመን ገደሉን አየን፣ ዳባት ላይ ሻይ ጠጣን። ቤት ደረስን። ጋጣው ተጠርጎ የማዳበሪያ ከረጢት ተደርድሮበታል። በረንዳው ላይ አዲስ የፕላስቲክ ወንበር። ለአንቱ ነው አለኝ፣ መንገደኛውን እያዩ እንዲቀመጡ። ደርባባን በወንበር ለወጡኝ። እሱም አራት እግር አለው፣ እውነት ነው።

ልጓሙን ከወንበሩ በላይ ሚስማር መትቼ ሰቀልሁት። ለመርሳት አይደለም። አዲሱ አየውና ሻንጣዬን ይዞ ገባ። ዋሴ እንኳን ደኅና ገባህ ሊለኝ አልመጣም።

ኅዳር 11

ፈረንጆች ተራራ ሲወጡ በቅሎ ወደሚከራዩበት ተራ ሄድሁ። ማንም እንዳያውቀኝ የአማቼን ጥቁር መነጽርና የስቶክሆልሙን የሱፍ ቆብ አድርጌ። ተራ አስከባሪው ገና ከሩቅ በስሜ ጠርቶ እንኳን ደኅና መጡ አለኝ።

አየኋት። በስንት በቅሎዎች መሐል። ጀርባዋ ላይ ቡታጋዝ፣ ድስት፣ የእንቁላል ካርቶን። ለንግሥ በጥልፍ ግላስ ተሸልማ የምትወጣ በቅሎ ወጥ ቤት ሆናለች። የገዛት የጃናሞራ ሰው ነው፤ ጨዋ ነው፣ ጀርባዋን አላቆሰለም። ከፊቷ ግን አንድ ሽማግሌ ቆሞ መዳፉን ዘርግቶላታል። ገብስ። እየላሰች ትበላለች።

ዋሴ። ከነገረኝ ሁሉ እውነቱ ይቺ ብቻ ነበረች።

አየኝ። እጁን አላጠፈም።

«አዲሱን እንቢ ብየው ነበር» አለኝ። «ኋላ ጥሩወርቅ በስልክ አለቀሰችብኝ። ያኔ መሐላዬን በላሁ።»

«ጣፈጠህ?» አልሁት።

«አልወረደልኝም። ይኸው በየማለዳው እመጣለሁ።»

ደርባባ ብዬ ጠራሁ። ጆሮዋን አቆመች። አየችኝ፤ መነጽሬን አወለቅሁላት፣ ደግማ አየችኝ። ከዚያ ወደ ዋሴ መዳፍ ተመለሰች። ከሁሉም ክዳት የእሷ ባሰብኝ። በቅሎ ገመድ በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች ይባል የለ? እኔ ወደቅሁ፣ ገመዱ በእሷ አጠረ። ብትቀየመኝ ትቀየመኝ።

ወደ ተራ አስከባሪው ሄድሁ። ይቺኛዋን እከራያለሁ አልሁት። ነገ ሚካኤል ስለሆነ ከነገ ወዲያ ይሁን አለኝ። ተከራዩን ማን ልበል ሲለኝ፣ ከስቶክሆልም የመጣ ቱሪስት በል አልሁት።

ኅዳር 13፣ ማለዳ

ዋሴ ደጅ ቆሟል። ገብስ ይዟል። ይቅር አላልሁትም። ገመዷን ግን እሱ ይስባል፤ እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ስለ ስቶክሆልም ውሻ እያወራሁ ጆሮውን አደርቀዋለሁ። ቅጣቱ ይኸው ነው።

ልጓሙን ከሚስማሩ አወረድሁት። አዲሱ ገና አልተነሣም። ባዶ ሚስማር ሲያይ ነፍሱ ትወጣለች። ትውጣ። አንቺ ብቻ እውነቱን ያዢልኝ፤ አልወጣባትም። አንድ ቀን ያለ ድስት፣ ያለ ቡታጋዝ ሜዳ ትዋል፣ እኔ ከጎኗ እሄዳለሁ። ልጓሙ ለማስደንገጫ ነው።

ነገር ግን አዲሱ ሚስማሩን እንዳየ ሮጦ የሚደውለው ለማን ነው? ለጥሩወርቅ። እሷ ደግሞ አንዴ ቀብራኛለች።

ዋሴ ቶሎ በል እንጂ ይላል። ይቁም። እኔ ልቅደምና ልደውልላት። ስቶክሆልም ገና ጨለማ ነው፣ ግዴለም። በእግሬ ነኝ ልጄ፣ በእግሬ፣ ከፈለግሽ ዋሴን ጠይቂ እላታለሁ። ደግሞ የቃሬዛውን ነገር፣ ዐይኔን ጨፍኜ…

ይጠራል። ይጠራል። አነሣች። ደብተሬ፣ ቆዪኝ።