አንዱ ሲወጣ ሁላችንን ስለሚያስወጣው ሣጥን

ለተከበሩ አቶ ጓንጉል፣ የመሥሪያ ቤታችን የኔትወርክ ክፍል ኃላፊ
ሰቆጣ፤ ጥር 1999 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣ ከነመላው ቤተሰብዎ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንደ ቢሮዎ በር የጠበቀ ይሁንልዎ። የሥልጠና ክፍሉን የምከፍተውና የምዘጋው፣ የሚካኤል ማኅበርተኛዎ ተዋበች ነኝ። ከአዲስ አበባ በሳተላይት የሚመጣው የአዋላጆች ትምህርት ማክሰኞ ዕለት መሐል ላይ ለምን እንደተቋረጠ ባለሙያው ኪዳኑ ሲያስረዳኝ፣ አሥረኛ ክፍል ላይ ለቆመው አእምሮዬ ሠርግ ነበር፤ የእርስዎ እጅ እንዳለበት እስክሰማ ድረስ።

1ኛ. መልቲካስት የሚሉት ነገር ለካ ማኅበር ኖሯል! ትምህርቱ የሚደርሰው «እኔም አለሁ» ላለ ብቻ ነው። አንዱ ሲወጣ ትምህርቱን በየገመዱ የሚያከፋፍለው የኔትወርክ ሣጥን በገመዱ ላይ «የቀረ አለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ አንድ ሰው እንኳ «አለሁ» ካለ ትምህርቱ ይቀጥላል። ይህን ያሰበ ይባረክ።

2ኛ. እርስዎ ግን በአንድ ገመድ ሦስት ክፍል እንደተጠመድን እያወቁ፣ ጊዜ ይፈጃል ብለው ጥያቄውን ከነጭራሹ አስጠፉት። ስለዚህ ትምህርቱን በጨረፍታ ሲያይ የነበረው የንብረት ክፍሉ ፋንታሁን ማሽኑን ዘግቶ ለምሳ ቢወጣ፣ ሣጥኑ እኛንም አብሮ ሸኘን። ለዚህ ፍጥነት ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

3ኛ. አዋላጇ ባንቺ ከዝቋላ ወረዳ ሁለት ቀን በእግሯ ተጉዛ የመጣችው፣ ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም እንዴት እንደሚቆም ልታይ ነበር። መምህሯ እጇን በእናቲቱ ሆድ ላይ እንዳሳረፈች ምስሉ ደርቆ ቀረ። በቀበሌዋ ሦስት ሴቶች ወራቸው ገብቷል፤ ባንቺ ግን ቀጥሎ የሚደረገውን ሳታይ ተመለሰች። አቤት ብትልዎ «የወጣው ከእናንተው አንዱ ነው፤ እርስ በርስ ተስማሙ» ብለዋታል አሉ።

4ኛ. መፍትሔዎም በሩ ላይ ተለጥፎ ደርሶናል፤ «ትምህርት ሳያልቅ ማሽን መዝጋት ክልክል ነው» ይላል፣ ከነማኅተሙ። ሣጥን አንዲት ቃል ከሚጠይቅ፣ ሰው ምሳውን ይተው!

ትምህርቱ የፊታችን ማክሰኞ ይደገማል፤ ባንቺም እንድትመጣ መልእክት ልከንላታል። መንገዱ ዳግመኛ ሁለት ቀን ነው። እርስዎ ያስጠፉትን የሣጥኑን ጥያቄ ወደ ቦታው ለመመለስ፣ ኪዳኑ እንደሚለው፣ ሁለት ደቂቃ ይበቃዎታል።

ለፍጥነትዎ ከወገቧ ዝቅ ብላ እጅ የምትነሳ፣ ሳትወጣ የተሰናበተች፣
ተዋበች

ማስታወሻ፦ በአንድ ግቢ አብረውዎት የሚኖሩት አቶ ገብረ ኢየሱስ ከማኅበራችን ወጥተዋል። የስም ዝርዝሩን የምይዘው እኔ አይደለሁ? በአንድ በር ስለምትገቡ፣ ሳልጠይቅ የእርስዎንም ስም አብሬ ሰርዤዋለሁ። ቅር ካለዎት ከአቶ ገብረ ኢየሱስ ጋር እርስ በርስ ይስማሙ።